ስሙን ራሱን ጠይቂው

መሐል ሜዳ፣ ጥቅምት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአመተሥላሴ፤ ለንደን ከተማ።

የመድኃኔዓለም ሰላም ከነፍስሽም ከሥጋሽም ጋር ይሁን። እንደምን ከርመሻል? ብርዱስ እንዴት አደረገሽ? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት አለን። ገብሱ ዘንድሮ ደኅና ነው፤ አመዳይ ሳይቀድመን ካነሳነው ጎተራው ይሞላል። በጎቹም ወልደዋል። የወንድምሽን የጌጡን መቃብር ክረምቱ ሸርሽሮት ነበርና ከመስቀል በፊት ዙሪያውን ድንጋይ አስከብቤዋለሁ። ነፍሱን ይማር። ሰላምታው እዚህ ላይ ይብቃን፤ የምጽፍልሽ ተቆጥቼ ነው።

ልጄ ምንተስኖት ከመስቀል ወዲህ ድምፁን አላሰማኝም። ኔትወርክ ከኛ ቀበሌ እንደ ጠፋ ታውቂያለሽ። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሁለት ጊዜ መሐል ሜዳ ወጥቼ፣ ከኔትወርኩ ማማ ሥር ከሰው ጋር ተጋፍቼ ደወልኩ። የእሱ ስልክ ዝግ ነው። ያንቺ ግን ይጠራል። ይጠራል፣ ይጠራል፣ አታነሺም። ምን አድርጌሽ ነው? የወንድምሽ ሚስት ነኝ። እናትሽ ስታርፍ እኔ ቤት ነው ያደግሽው፤ ሹሩባ የሠራሁልሽ በነዚህ እጆቼ ነው። ለኔ ስልክ ማንሳት እንዲህ ከበደሽ?

ምንተስኖት ጳጉሜን ላይ ፎቶግራፍ ልኮልኝ ጎረቤቴ ኮከቤ በስልኳ አሳይታኛለች። ብስክሌት ይዞ ቆሟል። ጀርባው ላይ መሶብ የሚያህል ሳጥን አዝሏል። ከኋላው ያለው መስታወት ሁሉ መብራት ነው፤ ራስ የሌላቸው የልብስ አሻንጉሊቶች ሐር ለብሰው ተደርድረዋል። ስንደዋወል «ኦክስፎርድ ስትሪት ይባላል እማዬ፤ ሰው ከዓለም ዙሪያ ሊገዛ የሚመጣበት ገበያ ነው» አለኝ። «አንተስ ምን ትሸጥበታለህ?» ብለው ሳቀ። «እኔ የምሸጠው የለኝም፤ የሰው እራት ነው የማደርሰው» አለኝ። እኔ ልጄን ሱዳንን ሊቢያን አቋርጦ፣ ባሕር ሊበላው ደርሶ፣ የሰው እራት እንዲሸከም አላሳደግሁትም። ሄደ እንግዲህ፤ ምን ላድርግ። አክስቱ እዚያው መንገድ ላይ ትሠራለች ብዬ ልቤን አሳርፌ ነበር። ያሳረፍኩት ባንቺ ነው፤ ይህን እወቂ።

የደብሪቱ ልጅ ፀጋ ወደዚያ ስለምትመጣ ባና ልኬለታለሁ። የበግ ጠጉሩን ራሴ ፈትዬ፣ ሞላሌ ሸማኔ ዘንድ ወስጄ ነው ያሠራሁት። የፈለገውን ያህል ቢበርድ ይችለዋል። የከተማ ልጅ ሆኛለሁ ብሎ አልለብስም ካለ አንቺ አስለብሺው። ደውል በይው። ስለዚያ መንገድም ጻፊልኝ፤ ልጄ የሚውልበትን ቦታ ልወቀው።

ጥሩሸዋ

* * *

ለንደን፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ ጥሩሸዋ።

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጤናዎ፣ እህሉ፣ ከብቱ እንዴት ነው? የወንድሜን መቃብር ስለ ጠበቁልኝ እግዚአብሔር ውለታዎን ይክፈልልኝ። እኔ አለሁ። ስልክ ስላላነሳሁ አይቀየሙኝ፤ ሰሞኑን ድምፄ ተዘግቶ ነበር። ይህን ደብዳቤ ቶሎ እንዲደርስዎት በፎቶግራፍ ለወንድሜ ለሰሎሞን ልኬለታለሁ፤ ደብረ ብርሃን አሳትሞ በሚኒባስ ይልክልዎታል።

ባናው ደርሷል። ከምንተስኖት ጋር ነው። ርዝመቱ ልክ ነው፤ ከእግሩም አላጠረም። ያየው ሰው ሁሉ የማን እጅ ነው ብሎ ጠይቋል፤ የእናቱ ነው ብያለሁ።

ስለ መንገዱ ጻፊልኝ ብለዋልና ልጻፍልዎት። እኔ ከዚያ መንገድ ላይ ካሉት ትልልቅ የልብስ መደብሮች በአንዱ ውስጥ አጸዳለሁ። የምገባው ማለዳ ነው፤ ገዢው ሲመጣ እኔ ወጥቻለሁ። ፎቶግራፉ ላይ ያዩዋቸውን ራስ የሌላቸውን አሻንጉሊቶች አቧራቸውን የማራግፍ እኔ ነኝ። ሰው የሚያውቀው የመንገዱን ፊት ነው። ጀርባውን የሚያየው የለም። ከየመደብሩ ኋላ ጠባብ መተላለፊያ አለ። የጭነት መኪና የኋሊት እየገባ ዕቃ የሚያራግፈው እዚያ ነው፤ ቆሻሻው የሚከማቸው እዚያ ነው፤ ምግብ የሚያደርሱት ልጆች ብስክሌታቸውን ተደግፈው፣ ስልካቸው እስኪጮኽ ድረስ በዝናብ የሚቆሙትም እዚያ ነው። ከፊት ለፊት ሽቶ ይሸታል፤ ከኋላ የበሰበሰ ሽንኩርት። ከመሬቱ ሥር ደግሞ ወንዝ ይሄዳል። ደፍነውት ላዩ ላይ ሸቀጥ ዘርግተውበታል፤ የሚረግጠው ሰው ወንዝ መኖሩን አያውቅም።

ሌላም ነገር አለ እትዬ፤ ካወቅሁት ወዲህ ያንን መንገድ ስረግጥ ያንገበግበኛል። ጥንት ስሙ ኦክስፎርድ አልነበረም። የታይበርን መንገድ ነበር የሚባለው። ታይበርን በመንገዱ ጫፍ የነበረ የስቅላት ቦታ ነው። ሞት የተፈረደበትን ሰው ከእስር ቤት አውጥተው፣ በጋሪ ጭነው፣ በዚሁ መንገድ ይወስዱት ነበር። ሕዝቡ ግራና ቀኝ ቆሞ እንደ በዓል ያያል። በመንገድ ካለ መጠጥ ቤት ቆም ብለው የመጨረሻውን ያጠጡታል ይባላል። የሚሰቀለውን ሰው ስምና ታሪክ በወረቀት አትመው፣ በሰልፉ መሐል ስሙን እየጮኹ ይሸጡት ነበር። ይህ ለብዙ መቶ ዓመታት የተደረገ ነው። ዛሬ በቦታው ያለው መኪና በሚተላለፍበት መሐል መሬት ውስጥ የተቀበረ አንድ ክብ ድንጋይ ነው። ሰው የገዛውን አንጠልጥሎ ይረግጠውና ያልፋል። ማንም ቆሞ «እዚህ ምን ሆነ?» አይልም። ሰው የሞተበት ቦታ በማግሥቱ ገበያ የሚሆንበት አገር ነው ያለሁት።

አለፍ ብሎ የመነኮሳይያት ገዳም አለ፤ በእምነታቸው ምክንያት እዚያ ለተሰቀሉት ይጸልያሉ። የኛ ሃይማኖት ባይሆንም ከሥራ ስወጣ ገብቼ እቀመጣለሁ። ማንም ለምን ታለቅሻለሽ ብሎ አይጠይቅም።

አሁን አንድ ነገር ልለምንዎት። እግርዎ ላይ ወድቄ ነው የምለምነው። የምንተስኖትን የክርስትና ስም ይላኩልኝ። የቤተ ክርስቲያናችን አባት በጸሎት ሊያስቡት ፈልገው ጠይቀውኛል። እኔ አላውቀውም፤ ሰሎሞንም አያውቀውም። ከኅዳር 27 በፊት ይድረሰኝ። መሐል ሜዳ ወጥተው ለሰሎሞን ቢደውሉለት፣ ስሟን አንዷን ቃል ብቻ ቢነግሩት ይበቃኛል። ምክንያቱን አይጠይቁኝ።

አክባሪዎ አመተሥላሴ

* * *

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአመተሥላሴ።

ጾሙን የሰላም ያድርግልሽ። እኛ ደኅና ነን፤ ገብሱም ገብቷል። ደብዳቤሽን አነበብኩት። ዓይኔ ቢደክምም መሠረተ ትምህርት ያስተማረኝን አልረሳሁም፤ ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ኮከቤ ምን ጻፈች ብትለኝ አፈርኩ።

ስለ ልጄ ብጠይቅሽ ስለ ስቅላት ጻፍሽልኝ። ደኅና ነው ወይ ብልሽ ወንዙ ተደፍኗል አልሽኝ። ይደፈን! የፈረንጅ ሽፍታ ቢሰቀል ባይሰቀል ለኔ ምኔ ነው? እኔ የጠየቅሁሽ ልጄ ምን ይበላል፣ የት ያድራል፣ ለምን አይደውልም ነው። ካንድ ክምር ወሬ ውስጥ ለሱ የደረሰው ባናው ልክ ነው የሚል ብቻ ነው። ባናው ከእግሩ አላጠረም፤ መልካም። እሱስ? ከሳ? ጢም አወጣ? ባናውን ሲለብስ ምን አለ? «እማዬ» ብሎ ሳቀ? ይህንን መጻፍ ከበደሽና የሽንኩርቱን ሽታ ጻፍሽልኝ። ዓይንሽን በጨው ታጥበሽ ደግሞ ምክንያቱን አይጠይቁኝ ትያለሽ።

የክርስትና ስም አልሽኝ። ምን ቆርጦሽ ነው? የእኛ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ደብዳቤሽ በሰሎሞን ስልክ ገብቶ፣ ማተሚያ ቤት ወጥቶ፣ በሚኒባስ ረዳት ኪስ ታጥፎ፣ የገበያ ሰው ሁሉ አገላብጦት ነው እጄ የገባው። በዚያው መንገድ የልጄን የክርስትና ስም ልመልስልሽ? በስልክ ልናገረው? ከማማው ሥር ስንት ሰው ቆሞ እንደሚያዳምጥ ታውቂያለሽ? ስሙ ክፉ ደብተራ እጅ ከገባ ምን እንደሚሠራበት እኔ ልንገርሽ? የኮከቤ ልጅ ዓመት ሙሉ ከአልጋ ያልወረደው በዚሁ ነው ይባላል። እኔ ያንን ስም ለጎረቤት ተናግሬው አላውቅም። ወንድምሽ ጌጡ እንኳ ጠላ ሲጠጣ እንዳያመልጠው አስምዬው ነበር። ልጄ ያንን ሁሉ በረሃ በሰላም የተሻገረው ስሙ እኔ ደረት ውስጥ ተዘግቶበት ስለተቀመጠ ነው።

ከኅዳር 27 በፊት ማለትሽ ለመድኃኔዓለም መሆኑ ገብቶኛል። የኅዳሩ ቢያልፍ የታኅሣሡ አለ። ማን ያሳድድሻል?

ደግሞስ ለምን እኔን ትጠይቂኛለሽ? ልጁ እዚያው አጠገብሽ አይደለም ወይ? ሕፃን አይደል፤ ንስሐ ሲገባ፣ ጠበል ሲጠመቅ ለቄስ አፈወርቅ ስሙን የሚናገረው ራሱ ነበር። ስሙን ራሱን ጠይቂው።

ባናውን ካልወደደው መልሺልኝ። እኔ እለብሰዋለሁ።

ጥሩሸዋ

* * *

መሐል ሜዳ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአመተሥላሴ።

ገናም አለፈ፤ ጥምቀትም አለፈ። ሰላም ነሽ ወይ? ሰሎሞን እመጣለሁ ብሎ ቀረ፤ አሁንም እመጣለሁ አለና ቀረ። መንገድ ተዘጋ ይላል። እውነት ነው፣ መንገዱ ይዘጋል። ግን ተከፍቶ ሰው የሚገባበትም ቀን አለ፤ ሌሎች እየመጡ ነው። ደብሪቱም ከልጇ ከፀጋ ጋር በስልክ ካወራች ወዲህ በጓሮ በኩል ታልፋለች፤ ቤቴ አትገባም። ምን ነገሯት?

ያለፈው ደብዳቤዬ አስቀይሞሽ ይሆናል። ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም ተቆጥቻለሁ። ግን ዝም አትበይኝ። ስለ ልጄ መጻፍ ካልሆነልሽ ስለዚያ መንገድም ቢሆን ጻፊልኝ። ስለተሰቀሉትም ቢሆን። አነበዋለሁ።

ጥሩሸዋ

* * *

ለንደን፣ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ ጥሩሸዋ፤ የሚያጽናና አምላክ አጠገብዎ ይቁም።

ይህንን ደብዳቤ ሰሎሞን የሚሰጥዎት ከሽማግሌዎቹ ጋር መጥቶ መርዶውን ካረዳዎት በኋላ ነው። መርዶ በወረቀት አይነገርም፤ በስልክም አይነገርም። ሰው መጥቶ፣ አጠገብዎ ቆሞ፣ ሲወድቁ የሚይዝዎት እጅ ኖሮ ነው የሚነገረው። ይህንን ከእርስዎ ቤት ነው የተማርኩት። ስልኩ ሲጠራ የእርስዎ ቁጥር መሆኑን እያየሁ፣ በሁለት እጄ ይዤው እቀመጥ ነበር። ባነሳው ድምፄ ይነግርብኛል። ፀጋንም አፏን እንድትይዝ ያስማልኳት እኔ ነኝ።

ምንተስኖት ያረፈው ጥቅምት 17 ቀን እሑድ ጠዋት ነው። ከዋናው መንገድ ኋላ፣ ያ የጻፍኩልዎት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ ምግብ እስኪሰጡት ቆሞ ሳለ የጭነት መኪና የኋሊት ገባበት። እኔ በዚያች ሰዓት መደብሩ ውስጥ ነበርኩ። ሙዚቃው ተከፍቶ ስለነበር ምንም አልሰማሁም። ስወጣ መተላለፊያው በውኃ ታጥቦ ነበር፤ የታጠበውን ረግጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ማን እንደሆነ ያወቅሁት አብረውት የሚኖሩት ልጆች አልገባም ብሎ አደረ ብለው ሲመጡ ነው።

ፖሊስ ጣቢያ ሄጄ የወንድሜ ልጅ ነው አልኳቸው። የሞተው ሰው ስሙ ይህ አይደለም አሉኝ። ለምን እንደሆነ ልንገርዎት። ምንተስኖት የመኖሪያ ወረቀቱ ስላልተሰጠው መሥራት አይፈቀድለትም ነበር። እዚህ ወረቀት ያለው ሰው በስልክ የሚሠራበትን ስሙን ወረቀት ለሌለው ያከራያል። ልጁ በሰው ስም ይነዳል፤ በሰው ስም ያደርሳል፤ ባለ ስሙ ቤቱ ተኝቶ ድርሻውን ይወስዳል። መንገዱ ላይ ከሚያዩዋቸው ልጆች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ፖሊሶቹ ስልኩን ከፍተው ያገኙት የዚያን ሰው ስም ነው። ደወሉለት፤ እኔ ደኅና ነኝ አለ። ምግብ የሚያስልከውን ድርጅት እኔ ራሴ በሰው አስጽፌ ጠየቅኋቸው። በተጠቀሰው ስም የሚሠራው ባልደረባችን በሕይወት አለ፤ ሌላ ሰው አናውቅም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በሦስተኛው ቀን ያንን ስም ሌላ ልጅ ተከራይቶት ነበር። ልጁ ሞቶ ስሙ ሥራ ገባ።

ድምፄ የተዘጋው ያንን ቀን ጮኼ ነው። መንገዱ አንድ ሰዓት እንኳ አልተዘጋለትም። አብረውት የሚነዱት ልጆች አበባ አምጥተው ግድግዳው ሥር አኖሩ፤ የመደብሩ ሰዎች በማግሥቱ ጥረጊው አሉኝ። እኔን! አልጠርግም አልኩ። ሌላ ሰው ጠረገው።

ልጃችንን ልጃችን ብሎ ለመውሰድ ሳምንታት ፈጀብን። ኅዳር 13 ቀን ቀበርነው። ባናው የደረሰው በዋዜማው ነው፤ ከሥሩ አነጠፍኩለት። ከእግሩ አላጠረም ያልኩዎት ውሸት አልነበረም።

በቀብሩ ላይ ቄሱ የክርስትና ስሙን ጠየቁኝ። አክስቱ ሆኜ አላውቀውም። እናቱ እስክትልክ ብለው ለጊዜው ገብረ ክርስቶስ ብለው ጸለዩለት። አርባው ኅዳር 27 ነበር፤ ቢያንስ ለአርባው እውነተኛ ስሙ ይጠራ ብዬ ነው እግርዎ ላይ የወደቅሁት። መልስዎ በዋዜማው ደረሰኝ። ስሙን ራሱን ጠይቂው ይላል። መቃብሩ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት እትዬ። ሌላ ምን ላድርግ? በአርባውም ገብረ ክርስቶስ ተባለ።

አልዋሽዎትም፤ በእርስዎም ተቆጥቻለሁ። አንዲት ቃል ነው የከለከሉኝ። እያወቅሁ ዝም ማለቴም እንደሚያናድድዎት አውቃለሁ፤ የፈለጉትን ይበሉኝ። ግን አሁንም እጠይቅዎታለሁ። ስሙን ይላኩልኝ።

አመተሥላሴ

* * *

መሐል ሜዳ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአመተሥላሴ።

ሰላም ላንቺ ማለት ከበደኝ። ሳልል ብጀምር ግን አሳዳጊ የበደለኝ እመስላለሁና ሰላም ላንቺ ይሁን።

ጎህ ሲቀድ በረት እየጠረግሁ መጡ። ሰሎሞን ከፊት ነው፤ ቄስ አፈወርቅ ከኋላው፤ ደብሪቱ፣ ኮከቤ፣ የመንደሩ ሰው ሁሉ። ደብሪቱ በፊት ለፊት በር ስትገባ ሳይ አወቅሁ። ማንም አፉን ሳይከፍት «በስንተኛው ቀኑ ነው የምትነግሩኝ?» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ያለውን እነሱ ይንገሩሽ፤ እኔ አላስታውሰውም።

እኔ ያወቅሁት ግን ያን ቀን አይደለም። ኅዳር ላይ «ስሙን ራሱን ጠይቂው» ብዬ ስጽፍልሽ እጄ ቆመ። እሳቱ እስኪጠፋ ወረቀቱን እያየሁ ተቀመጥኩ። የክርስትና ስም ለምን እንደሚጠየቅ የማላውቅ መስሎሻል? የማውቀውን ላለማወቅ ብዬ ነው ስለ ባናው ጽፌ ያጠፍኩት። ስሙን ካልሰጠሁ ሞቷል የሚለኝ የለም ብዬ ነው።

አሁን ስሚኝ፤ ሁላችሁንም ልናገራችሁ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ልጄ ሞቶ እኔ በግ አርጄ ገናን በልቻለሁ። ጥምቀት ላይ እልል ብያለሁ። ነጭ ለብሼ ከሰው ፊት ቆሜያለሁ። ያየኝ ሰው ሁሉ እያወቀ ዝም አለኝ። መርዶ በወረቀት አይነገርም ትያለሽ፤ እኔው ያስተማርኩሽን ለኔው ትመልሺልኛለሽ። ደግ ነው፤ አይነገርም። ሦስት ወር ግን አይቆይም! ሰሎሞን መንገድ ተዘጋ ብሎ ያለቅሳል። መንገድ ሲዘጋ በእግር ይኬዳል። ለልጄ በእግሩ የሚሄድለት አንድ ወንድ ከአባቱ ወገን ጠፋ። ይህንን እፊቱ ነግሬዋለሁ፤ ላንቺም ጻፍኩት።

ስለዚያ መንገድሽ የጻፍሽውን አሁን መልሼ አነበብኩት። ያን ጊዜ ንቄው ነበር፤ አሁን ሆዴን የሚያቃጥለው እሱ ሆነ። የሚሰቀለውን ሰው ስሙን እየጮኹ ይሸጡት ነበር ብለሽኛል። እንግዲህ ሽፍታው በስሙ ሄደ፤ ሌባው በስሙ ተሰቀለ፤ የገደለው ሰው ማንን እንደ ገደለ አውቆ ገደለ። ልጄ ማንንም ያልነካ ልጅ በሰው ስም ሠራ፣ በሰው ስም ሞተ፣ በሰው ስም ተጸለየለት። ያ ስሙን አከራይቶ ቤቱ የተኛው ሰው እግዚአብሔር ፊት በስሙ ይጠራ። ያ አናውቀውም ያለው ድርጅት የሚያውቀው ይምጣበት። እኔ ሌላ እርግማን አልጨምርም፤ ጾም እየገባ ነው።

ደሙን አጥበው ሙዚቃ ከፈቱበት። የኛ አገር ሰው መንገድ ላይ ሰው የሞተበት ቦታ ሲደርስ ድንጋይ ያኖራል፤ ባያውቀውም፤ ምን እንደሆነ ባይነገረውም። እነሱ አበባውን አስጠረጉ። አልጠርግም ማለትሽን ሳነብ «የጌጡ እህት» አልኩ። ባናውን ከሥሩ ስላነጠፍሽለትም አመሰግንሻለሁ። ስለ ሌላው ይቅር አላልኩሽም፤ ምናልባት ከፋሲካ በኋላ።

ቄስ አፈወርቅ እዚህ ፍትሐቱን በስሙ ፈተውታል። ተዝካሩን አውጥቻለሁ። ቄሱን «አርባው አለፈ፤ ይደርስለት ይሆን?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እግዚአብሔር የማንን ልጅ እንደ ወሰደ ያውቃል» አሉኝ። እሱስ ያውቃል። እኔ ግን እናቱ ነኝ፤ የምንገበገበው ሌላ ነው። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሣል። ክረምት ነበር፤ በሻሽ ጠቅልዬው፣ ብርድ እንዳይነካው ደረቴ ውስጥ ከትቼው ቤተ ክርስቲያን ወሰድኩት። ቄሱ ስሙን በጆሮዬ ነገሩኝ፤ እኔም ለማንም ሳልነግር ይዤው ኖርኩ። በአርባ ቀኑ የተቀበልኩለትን ስም በአርባ ቀኑ ከለከልኩት። ያንቺን ጥፋት እንደ ጻፍኩ የኔንም ጻፍኩት።

ገብረ ክርስቶስ የተባለው ማን እንደሆነ እሱ ይወቅ፤ ጸሎቱ ይድረሰው። የልጄ ግን ወልደ ሰንበት ነው።

ወልደ ሰንበት። ለቄሱ ስጪ። መቃብሩ ላይ አጽፊው። ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን፣ ከሥራ ስትወጪ፣ መደብሮቹ በራቸውን ሲከፍቱና ሰው ሲሞላ፣ ከኋላ ከመተላለፊያው አይደለም፤ ፊት ለፊት ከዋናው መንገድ መሐል ቁሚና እየጮኽሽ ጥሪው። አትፈሪ፤ ሰው አብዳለች ቢል ይበል። ለጎረቤት ያልነገርኩት ስም ነው። አሁን ማንም ይስማው።

እናቱ ጥሩሸዋ